ከቆላ ወደ ደጋ፤ መኪናን ከደብረ ብርሃን ብርድ ስለ መጠበቅ

በቀድሞ ዘመን ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን በግመል ጭኖ በረሓውን ካቋረጠ በኋላ፣ ከአንኮበር ተራራ ግርጌ ሲደርስ ግመሎቹን ያራግፍ ነበር። ግመል የቆላ እንስሳ ስለ ሆነ የደጋውን ብርድና አቀበት አይችልም። ስለዚህ ጨውም ሆነ ጨርቅ፣ በፋሬና በአልዩ አምባ በኩል ለበቅሎ፣ ለአህያና ለተሸካሚ ሰው እየተላለፈ ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። ከአንኮበር ወደ ባሕር የሚወርደውም ንግድ እንዲሁ በዚያው ሥፍራ ከበቅሎ ወደ ግመል ይዛወራል። የጥንቱ ነጋዴ ለቆላው የቆላ፣ ለደጋው የደጋ እንስሳ ያሰናዳ ነበር ማለት ነው።

የዛሬው ነጋዴ ግን መኪናውን በመንገድ ላይ አይለውጥም። ጧት ከሸዋ ሮቢት ሙቀት የተነሣው የጭነት መኪና በደብረ ሲና አቀበት አድርጎ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ከቀትር በፊት ደብረ ብርሃን ይገባል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ብርሃንም 2800 ሜትር ያልፋል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጉዞ አንዱ ሞተር፣ አንዱ ባትሪና አንዱ ራዲያተር የግመሉንም የበቅሎውንም ሥራ ይሠራሉ። በሰሜን ሸዋ በብርድ ወራት በጧት አልነሣ የሚል መኪና ሁሉ ችግሩ ከብርዱ ብቻ የመጣ የሚመስለው ባለንብረት የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው የሚጎዳው በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ነው፤ በቆላው ሙቀት የተዳከመው ዕቃ ድካሙን የሚገልጠው በደጋው ሌሊት ነው።

ብርዱ መቼና ለምን ይበረታል?

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ብርዱ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በክረምት ሰማዩን የሚሸፍነው ደመና ምድሪቱ በቀን የተቀበለችውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያቆያል። ከመስቀል በኋላ ግን ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩም ይደርቃል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የምድር ሙቀት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ጊዜ የሌሊቱ ሙቀት ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል፤ አንዳንድ ሌሊትም ከዜሮ በታች ይወርድና ሣሩና አዝመራው ውርጭ ለብሶ ያድራል።

ይህ ብርድ ሐይቅና ወንዝ በሚረጋባቸው በሰሜን አገሮች ካለው ብርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ለእነዚያ አገሮች የተሠራውን መሣሪያ ሁሉ መግዛት አያስፈልግም። ነገር ግን ብርዱ እጅግ የሚጸናው ሊነጋጋ ሲል፣ ማለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ሰዓት ሹፌርና ረዳት ጭነት ይዘው የሚነሡበት፣ የሕዝብ ማመላለሻውም ተሳፋሪ የሚጠራበት ሰዓት ነው። መኪናው አልነሣ ቢል ገበያው ያልፋል፤ የሚበላሽ ሸቀጥም ይበላሻል።

ባትሪ

በብርድ ጊዜ መጀመሪያ የሚሸነፈው ባትሪ ነው። ባትሪ ኀይል የሚሰጠው በውስጡ ባለው እርሳስና አሲድ መካከል በሚደረገው ኬሚካዊ ሥራ ሲሆን፣ ይህ ሥራ በብርድ ይዘገያል። ደህና ባትሪ በዜሮ ዲግሪ ሊሰጥ የሚችለው ኀይል በሞቃት አየር ከሚሰጠው ከመቶ 80 እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት ደግሞ የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር፣ ሞተሩን ለማዞር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ኀይል ይጠይቃል። ሰጪው ሲቀንስ ጠያቂው ይጨምራል።

አዲስ ባትሪ ይህን ልዩነት ይሸከመዋል። ችግሩ የሚመጣው ባትሪው አርጅቶ ግማሽ ኀይሉን ያጣ እንደ ሆነ ነው። የባትሪን ዕድሜ ከብርድ ይልቅ የሚያሳጥረው ሙቀት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። በቆላ መንገድ የሚመላለስ መኪና ባትሪው ውሃው ይተናል፤ የውስጡም ሰሌዳ ቶሎ ይበላል። ይሁን እንጂ በቆላ ዘይቱ ቀጭን ስለ ሆነ የደከመውም ባትሪ ሞተሩን ያስነሣል። ያው መኪና አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን ሲያድር ግን ጉዱ ይወጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። መኪናው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ የባትሪው መጠን በቮልት መለኪያ ሲታይ 12.6 ቮልት ያህል ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህል ቀርቶታል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ መለኪያው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ካላሳየ፣ ጥፋቱ የዲናሞው ወይም የቺንጋው ሊሆን ስለሚችል ባትሪ ከመግዛት በፊት እነዚህን ማስመርመር ይገባል። በካቦው ጫፍ ላይ የሚጋገረውን ነጭና አረንጓዴ ዝገት በሙቅ ውሃና በሶዳ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ግራሶ መቀባትም ብዙ ጊዜ አዲስ ባትሪ ከመግዛት ያድናል። ሙሉ ኀይል ያለው ባትሪ በኢትዮጵያ ብርድ ፈጽሞ አይረጋም፤ ባዶ የሆነ ባትሪ አሲዱ ውሃ ስለሚሆን ግን ከዜሮ በታች በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ገደማ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል።

በራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ምን ይሁን?

በራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ ብቻ ጨምሮ መጓዝ የቆየ ልማድ ነው። በሰሜን ሸዋ ይህ ልማድ በሁለት ወገን ይጎዳል።

አንደኛው ወገን ብርዱ ነው። ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። የሞቀ ሞተር ማታ ከቆመ በኋላ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ጉዳቱ ዘወትር አይደርስም። ሆኖም ለብዙ ቀን ሳይነሣ ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ውርጭ በበዛበት ሌሊት በራዲያተሩ ቀጭን ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ውሃ ሊረጋበትና ቧንቧውን ሊያፈነዳው ይችላል።

ሁለተኛውና የሚበልጠው ወገን መፍላቱ ነው። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር የመፍያው መጠን አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ፣ ጣርማ በር ላይ ከዚያም ባነሰ ይፈላል። ሞተር ግን በደህና የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። እንግዲህ ክዳኑ የላላ፣ ውሃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር ይዞ፣ ከባድ ጭነት ተሸክሞ የደብረ ሲናን አቀበት የሚወጣ መኪና፣ ሰዎች ጋቢና ነጠላ ደራርበው በሚንቀጠቀጡበት ቦታ ላይ ውሃው ፈልቶ ቢቆም ሊደነቅ አይገባም። ውሃው ሲያልቅ ቴስታታው ይጣመማል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ያን ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ዓመት የኩላንት ዋጋ ይበልጣል።

ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ዋና ክፍሉ ኤቲሊን ግላይኮል ሲሆን፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ የሚረጋው ከዜሮ በታች በ37 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ እጅ ኩላንት ከሁለት እጅ ውሃ ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ ከዜሮ በታች እስከ 17 ዲግሪ ያህል ይጠብቃል፤ ይህም ለደብረ ብርሃን ከበቂ በላይ ነው። መፍያውንም ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትንም ይከለክላል። በተጨማሪም ጥብቅ የሆነ የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ መፍያውን ይበልጥ ስለሚያሳድግ፣ ላስቲኩ የተበላ ክዳን መለወጥ ይገባዋል። ማኒኮቶዎቹም ቢሆኑ በሙቀትና በብርድ መፈራረቅ ይሰነጠቃሉና በእጅ ጨብጦ መመርመር ነው።

አንዳንድ ሹፌሮች መኪናው በቆላ እንዳይሞቅባቸው ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥላሉ። ይህ በደጋ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ ጊዜ የሚገባውን ሙቀት ሳያገኝ ስለሚሠራ ነዳጅ ያባክናል፤ ዘይቱም ውስጥ ውሃና ጭቃ መሰል ዝቃጭ ይጠራቀማል። መኪናው የሚሞቅ ከሆነ ምክንያቱን መፈለግ እንጂ መቆጣጠሪያውን ማውጣት መፍትሔ አይሆንም።

የሞተር ዘይትና ናፍጣ

በዘይት ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ለብዙ ገዢዎች ግልጽ አይደለም። 15 ደብልዩ 40 የሚል ጽሑፍ ሁለት ነገር ያስረዳል። ደብልዩ ከሚለው ፊደል ፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ ሲገልጥ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቀጭን ሆኖ ይቆያል። በስተኋላ ያለው ቁጥር ዘይቱ በሞቀ ሞተር ውስጥ የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። 20 ደብልዩ 50 የሆነው ወፍራም ዘይት በደብረ ብርሃን ብርድ ሞተሩን ጨርሶ አያግድም፤ ነገር ግን ወደ ሞተሩ የላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያል፤ ሞተር የሚበላው ደግሞ ይበልጡን በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ የመኪናው ሠሪ በመመሪያው መጽሐፍ የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከ15 ደብልዩ 40 ወይም ከ10 ደብልዩ 40 አንዱን መምረጥ በቆላም በደጋም ለሚመላለስ መኪና የተሻለ ነው።

ናፍጣን በሚመለከት፣ በውስጡ ያለው ሰም መሰል ነገር በብርድ ጊዜ መወፈር ይጀምራል። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ብርቱ ችግር የሚሆነው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ በናፍጣ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ግን ዘወትር ያስቸግራል። ግማሽ ባዶ ሆኖ ያደረ የነዳጅ ጋን በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይቋጥራል፤ ጤዛውም ወደ ታች ይወርድና ፊልትሮው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጋኑን ማታ ሞልቶ ማሳደር፣ በፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውንም ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ ይገባል። ናፍጣውን ለማቅጠን ነጭ ጋዝ መቀላቀል ግን ፖምፓውን ከሚያለሰልሰው ቅባት ስለሚያራቁተው ለጊዜው የረዳ መስሎ በኋላ ብዙ ያስከፍላል።

በጧት ስለ ማስነሣት

በሰማይ ሥር ያደረ መኪና መስታወቱ አየሩ ገና ዜሮ ዲግሪ ሳይደርስ ውርጭ ሊለብስ ይችላል፤ ሙቀቱን ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቅ ነው። ከጣራ ወይም ከዳስ ሥር ማሳደር፣ ካልተቻለም መስታወቱን በካርቶን ወይም በጆንያ መሸፈን ይበቃል። ውርጭ በያዘ መስታወት ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል።

ሞተሩን ሲያስነሡ መብራቱንና ሬዲዮውን አጥፍቶ፣ ናፍጣ ለሆነም የማሞቂያው ምልክት እስኪጠፋ ጠብቆ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ ሳያዞሩ፣ ካልተነሣም ግማሽ ደቂቃ ያህል አሳርፎ እንደ ገና መሞከር ነው። ከተነሣ በኋላ ነዳጅ ረግጦ ማስጮህ ዘይቱ ያልደረሰበትን ብረት ማፋተግ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ በዝግታ መንቀሳቀስ ሞተሩን ከቆመበት ቦታ ይልቅ ፈጥኖ ያሞቀዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጉ ናቸው። አንደኛው ዘይቱን ለማሙቅ ብሎ በሞተር ሥር እሳት ማንደድ ነው፤ ከነዳጅ የሚወጣው ትነት ብቻ መኪናውን ከነጭነቱ ሊያቃጥል ይችላል። ሁለተኛው በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መቆየት ወይም ሞተሩ እየሠራ በመኪና ውስጥ መተኛት ነው። የመኪና ጭስ በተዘጋ ቤት እንደሚያድር የከሰል ምድጃ ያለ ድምፅ ይገድላል።

ከጣርማ በር ወደ ታች

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና ጣርማ በርን ሲሻገር ጉም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም ረጅሙን ቁልቁለት ይጀምራል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ብቻ ረግጦ መውረድ የፍሬኑን ሸራ ያግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ያረጀ እንደ ሆነ በሙቀት ፈልቶ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ መለወጥና በከባድ ማርሽ መውረድ ይገባል። በአየር ፍሬን የሚሠሩ የጭነት መኪኖች በአየር ጋናቸው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በየቀኑ ማታ ማፍሰስ አለባቸው፤ ውሃው በውርጭ ሌሊት ቢረጋ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ጎማም ከዚሁ ጋር ይታያል፤ አየሩ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የጎማው ነፋስ በፒኤስአይ መለኪያ አንድ ያህል ስለሚቀንስ፣ በቆላ ቀትር የተለካ ጎማ ለደጋው ጧት የጎደለ ይሆናል።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። ይህ ውሳኔ ለነጋዴው ሁለት ትርጉም አለው። በእጅ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ምትክ በቀላሉ ስለማይገኝለት ከቀድሞው ይበልጥ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። አዲስ የሚገዛውም ለደጋው የሚስማማ መሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልገዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከእርሳሱ ባትሪ የተለየ ቢሆንም ከብርድ ሕግ አያመልጥም። በውርጭ ሌሊት ያደረ እንደ ሆነ የሚጓዝበት ርቀት ይቀንሳል፤ ለመሙላትም ይዘገያል፤ ተሳፋሪውን ለማሞቅ የሚውለውም ኀይል ከዚሁ ባትሪ ይወጣል። አቀበቱም ይቆጠራል። ሁለት ቶን የሚመዝን አውቶሞቢል ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ከፍታውን ለመውጣት ብቻ፣ የመንገዱን ሰበቃ ሳይጨምር፣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሲወርድ ግን ሞተሩ ፍሬን እየሆነ ከዚህ ኀይል ብዙውን መልሶ ያስገባል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ የሚመለሰውን ኀይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለማይኖረው፣ ደብረ ብርሃን አድሮ ወደ ሮቢት የሚወርድ ሰው ባትሪውን ጥቂት ጎደሎ አድርጎ ቢነሣ ይጠቅመዋል። አስመጪውም ከሠሪው ፋብሪካ ጋር ሲጻጻፍ መኪናው የባትሪ ማሞቂያ ያለው መሆኑን ቢጠይቅ በኋላ ከደንበኛ ቅሬታ ይድናል።

ለአስመጪና ለባለ መደብር

የመለዋወጫ ነጋዴ ለደጋው ገበያ ሲያስመጣ የሚያስተውላቸው ነገሮች አሉ። ባትሪ በመደርደሪያ ላይ ሆኖም ኀይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ሊሸጥ፣ ብዙ ወር የቆየውም እንደ ገና ሊሞላ ይገባዋል። የኩላንት ቀለም የጥራት ምስክር አይደለም፤ ቀለም የተነከረ ውሃም አረንጓዴ ነው። በጠርሙሱ ላይ ሳይደባለቅ የሚሸጥ ወይም ተደባልቆ የቀረበ መሆኑና የሚጠብቅበት ዲግሪ መጻፉን መመልከት፣ በኩላንት መለኪያም ናሙና መመርመር ይቻላል። ደንበኛው ያመነው ነጋዴ በሸጠለት ባለቀለም ውሃ ሞተሩ ቢቃጠል፣ የጠፋው መተማመን በዋጋ ቅናሽ አይመለስም። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በለስላሳ መጠጥ ወይም በውሃ ጠርሙስ ገልብጦ መሸጥ ሕፃናትን ለሞት ያጋልጣል።

በመስከረም የሚደረግ ዝግጅት

ክረምቱ እንዳለፈ፣ ውርጩ ሳይጀምር፣ ባለ መኪና ሁሉ የሚከተሉትን ቢያስመረምር በቂ ነው።

1ኛ/ ባትሪውን፣ ካቦውን፣ ዲናሞውንና ቺንጋውን፤

2ኛ/ የኩላንቱን መጠንና ብርታት፣ የራዲያተሩን ክዳን፣ ማኒኮቶውንና ቴርሞስታቱን፤

3ኛ/ የሞተሩን ዘይትና ፊልትሮ፣ የነዳጁንም ፊልትሮ፤

4ኛ/ የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካንዴላውን፣ የናፍጣ ከሆነ የማሞቂያውን መሣሪያ፤

5ኛ/ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ የመስታወት መጥረጊያውንና የጉም መብራቱን።

ይህ ሁሉ አንድ መካኒክ ቢበዛ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ከአንኮበር ግርጌ ጭነቱን ከግመል ወደ በቅሎ ለማዛወር ከዚህ የበለጠ ቀን ሲያጠፋ፣ ጊዜው ባከነብኝ አላለም፤ ያለ በቅሎ አንኮበር እንደማይወጣ ያውቅ ነበርና።